«ሰለበ»፣ «አኮላሸ» እና «ጃንደረባ»
ውድ ጠያቂ፣ «መስለብ» ከየት የመጣ ቃል ነው፣ ከ«ማኮላሸት»ስ በምን ይለያል ብለው ለጠየቁት የሚከተለውን እመልሳለሁ። ግሱ ከግእዙ «ሰለበ» የወረደ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ ገፈፈ፣ ቀማ፣ ዘረፈ ማለት ነው፤ በዐረብኛም «ሰለበ» እስከ ዛሬ መንጠቅን ያመለክታል። የወንድን ብልት መቁረጥ የሚለው ፍቺ የወጣው ከዚሁ ከመግፈፍ ነው። እዚህ በጎንደር ገጠር የጎተራውን እህልና የቅቤውን በረከት በስውር ይወስዳል የሚባለው «ሰላቢ» መባሉ የቀድሞው ትርጉም ዛሬም በሕዝቡ አፍ ሕያው መሆኑን ያሳያል፤ እኔ ከመዝገበ ቃላት ፍቺ ይልቅ ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ከብት ሲሆን ግን ገበሬው በአብዛኛው ወይፈኑን «አኮላሸው» ወይም «ቀጠቀጠው» ይላል፤ በባህሉ የፍሬው ሥር ይቀጠቀጣል እንጂ አይቆረጥምና። የእንስሳት ሐኪሞች የሚይዙት ቡርዲዞም ቆዳውን ሳይቀድ የዘር ቧንቧውንና የደም ሥሩን የሚጨፈልቅ መሣሪያ ነው። ተኮላሽቶ የሰባ በግ ወይም ፍየል ሙክት፣ በሬው ደግሞ ሰንጋ ይባላል።

«ጃንደረባ»ን ከ«ስልብ» ጋር አንድ ማድረግ ጥንቃቄ ይሻል፤ በማቴዎስ ወንጌል 19፥12 ሰው የሰለባቸው ብቻ ሳይሆኑ ከእናታቸው ማኅፀን እንዲያው ሆነው የተወለዱትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል።