ኮንሰርቱ ሥራው አይደለም

«ጋሼ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የአራተኛ ዓመት የድምፅ ተማሪ ነኝ። ድምፄ ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው፤ ማዜም የጀመርኩት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አገራችን ውስጥ ኦፔራ ቤት የለም፤ ተመርቄ የት እንደምሠራ አላውቅም። በቅርቡ ሞኒካ ዩኑስ ስለምትባል የኦፔራ ዘፋኝ አነበብኩ፤ በሙዚቃ ሰው የሚረዳ ድርጅት መሥርታለች። እኔም ትምህርቴን አቋርጬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ለሚታከሙ ሕፃናት ሙዚቃ የሚያቀርብ ድርጅት ላቋቁም ነው። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ገንዘብና አንድ አሮጌ ፒያኖ እልክልሻለሁ ብሎኛል። እናቴ ግን ‹መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ› ትላለች። ማንን ልስማ?»

እናትሽን ስሚ።

እናትሽ ይህን የምትለው ዲግሪ ያለው ሰው ሥራ አያጣም ብላ ከሆነ ግን በዚያ አልስማማም። ዲግሪያቸውን ይዘው ቢሮዬን የሚያንኳኩትን ወጣቶች በየሳምንቱ ስለማይ እንዲህ ያለውን ማጽናኛ ለማንም አልሰጥም። የእኔ ምክንያት ካነበብሽው ታሪክ ውስጥ ዘለሽ ያለፍሽው ነገር ነው፤ ሞኒካ ዩኑስ ድርጅቱን የመሠረተችው ዘፈኑን ትታ አይደለም።

ሞኒካ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1979 ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ቺታጎንግ ከተማ ነው። አባቷ ሙሐመድ ዩኑስ ያን ጊዜ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ፤ በኋላ ግራሚን ባንክን አቋቁመው ለድሆች ያለ መያዣ በማበደር እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከባንኩ ጋር የተጋሩት ናቸው። እናቷ ግን ገና ሕፃን ሳለች ይዘዋት ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ ልጅቱም ኒው ጀርሲ ውስጥ በሩሲያውያን የእናቷ ዘመዶች መካከል አደገች። እንደ አንቺው ድምፅዋን ያሟሸችው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። ከዚያ ኒው ዮርክ በሚገኘው በጁልያርድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያም የማስተርስም ዲግሪዋን ያዘች፤ በዚያው ከተማ ባለው ታላቅ ኦፔራ ቤት፣ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይም ዘፈነች። «ሲንግ ፎር ሆፕ» የተባለውን ድርጅት ከጁልያርድ ጓደኛዋ ከሶፕራኖዋ ካሚል ዛሞራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመሠርቱ ሁለቱም በሥራ ላይ ያሉ ዘፋኞች ነበሩ። ሌሎች አርቲስቶችን «ኑና ጊዜያችሁን ለግሱ» ብለው ለመጥራት የቻሉትም ስለዚሁ ነው። ባለሙያ የሚሰማው ባለሙያን ነውና። አንቺ ዛሬ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ብትወጪ ማንን ትጠሪያለሽ? የክፍል ጓደኞችሽን? እነሱ እኮ ፈተና ላይ ናቸው።

«የኖቤል ተሸላሚ ልጅ ስለሆነች ነው» የሚልሽ አይጠፋም። የአባት ስም በር ይከፍታል፣ አልክድም። ፒያኖ ግን አይቃኝም።

ፒያኖ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ድርጅቱ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በኒው ዮርክ መናፈሻዎችና አደባባዮች ባስቀመጣቸው ፒያኖዎች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐሳቡ የእንግሊዛዊው አርቲስት የሉክ ጄራም ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሲንግ ፎር ሆፕ ራሱ ሰማንያ ስምንት ፒያኖ አሰለፈ፣ ልክ በአንድ ፒያኖ ላይ ባሉት ቁልፎች ቁጥር። ሠዓሊዎች አስጌጧቸው፣ መንገደኛው ሁሉ እየተቀመጠ ተጫወተባቸው። ጋዜጦች የጻፉት ስለዚህ ነው፤ ፎቶግራፉም ያምራል። እኔ የምወደው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ፒያኖዎቹ ከመንገድ ሲነሡ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶችና ወደ ሕክምና ተቋማት ሄዱ፤ እዚያም ቀሩ።

እስኪ አንድ ፒያኖ አስፋልት ዳር ለማቆም ምን እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብለሽ አስቢ። ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ፣ ደረጃ ላይ ተሸክሞ የሚያወርድ ጉልበተኛ፣ ዝናብ ሲያካፋ ሮጦ ፕላስቲክ የሚያለብስ ሰው፣ የሚቃኝ ባለሙያ፣ አደጋ ቢደርስ የሚከፍል ኢንሹራንስ፣ በመጨረሻም «አዎ፣ እንወስደዋለን፣ ቦታ አለን፣ አስተማሪም አለን» ብሎ የሚፈርም ርዕሰ መምህር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም የድምፅ ትምህርት ውስጥ የለም። ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪ የሚባለው፣ የኅብረተሰቡን ችግር የሚፈታ ሥራ የሚያቋቁም ሰው፣ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚህ ላይ ነው። መድረኩ ላይ የሚያሳልፈው የቀረችውን ጥቂት ሰዓት ነው።

ሌላ ሰው ልጨምርልሽ፤ ስፔናዊውን ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ሆሴ ካሬራስን። እ.ኤ.አ. በ1987 ፓሪስ ውስጥ «ላ ቦኤም» የተባለው ኦፔራ ፊልም ሲቀረጽ ታመመ፤ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው ገና አርባ ነበር፣ ድምፁም በጥሩ ጊዜው ላይ። አሜሪካ ሲያትል ሄዶ ከባድ ሕክምናና የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገለት፤ ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ በተወለደባት በባርሴሎና በስሙ የሚጠራውን የሉኪሚያ ፋውንዴሽን መሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌሎቹ ዝነኛ ቴነሮች ከፓቫሮቲና ከዶሚንጎ ጋር ሮም ውስጥ በጥንታዊው የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ፣ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ ያቀረቡት ኮንሰርት በመላው ዓለም ታየ። ሦስቱ ቴነሮች የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ፋውንዴሽኑም ከገቢው ተጠቀመ።

እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ገንዘቡ የገባበትን ግን የሚጠይቅ የለም። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ1991 በስፔን የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ አቋቋመ። መቅኔ የሚያስፈልገው በሽተኛ ከቤተሰቡ የሚመሳሰለው ሰው ካላገኘ፣ ከማያውቀው ሰው መፈለግ አለበት። ፈቃደኛው ናሙና ይሰጣል፣ የሕዋሱ ዓይነት በላቦራቶሪ ይለያል፣ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ መዝገቡም ከሌሎች አገሮች መዝገቦች ጋር ይገናኛል። ምናልባት ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ስልክ ይደወልለታል። ይህ ማንም የማያጨበጭብለት የጽሕፈትና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ካሬራስ በወጣትነቱ ኬሚስትሪ ተምሮ ነበር፤ ግን መዝገቡን የያዘው እሱ አይደለም፣ ሐኪሞችና የመዝገብ ሠራተኞች ናቸው። የእሱ ድርሻ ድምፁን እንደ ጠበቀ እየዘፈነ ደመወዛቸው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነበር። ለዚህ ነው ኮንሰርቱ ሥራው አይደለም የምልሽ። ኮንሰርቱ የሥራው ነዳጅ ነው።

ዘፈኑን በእርግጥ የተወች አንዲት ሰው ልጥቀስልሽ፣ አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ቤቨርሊ ሲልስ። የተወችው ግን እ.ኤ.አ. በ1980፣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ የኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራን መሪነት ይዛለች፤ ዕዳ የተከመረበት ቤት ነበር። በእሷ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የሚዘፈነውን ቃል ከመድረኩ በላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማሳየት ተጀመረ፤ በአሜሪካ ኦፔራ ቤቶች የመጀመሪያው ነው። ጣልያንኛ የማያውቀው ተመልካች ምን እንደሚባል ገባው። ይህን ያደረገችው በድምፅዋ አልነበረም፤ ተመልካቹ የት ላይ ግራ እንደሚጋባ ዕድሜዋን ሙሉ ከመድረክ ላይ ስላየች ነው።

አሁን ወደ ጥቁር አንበሳ እንሂድ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ሕፃናቱ ያለሽ ስሜት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከክፍሉ ኃላፊ ነርስ ጋር ተነጋግሬአለሁ የሚል መስመር አላገኘሁም። ከሁሉ በፊት እሷን አነጋግሪ። ልትዘፍኚ እንደምትፈልጊ አትንገሪያት፤ ምን እንደጎደላቸው ጠይቂያትና ዝም በይ። ምናልባት ሙዚቃ ነው የምትልሽ፤ ደስ ይለኛል። ምናልባት ግን ከክፍለ ሀገር ልጇን ይዛ የመጣች እናት ለወራት የምታርፍበት ስለማጣቷ ትነግርሽ ይሆናል። ምናልባት የደም ጉዳይ ታነሣ ይሆናል፤ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን ደምና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በተደጋጋሚ ያስፈልገዋል፣ ፕሌትሌት ደግሞ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቀመጥም። እንዲያ ከሆነ የአንቺ ኮንሰርት መግቢያ ትኬቱ ደም መለገስ ሊሆን ይችላል፤ ከደም ባንክ ጋር ተነጋግረሽ፣ አዳራሹ በር ላይ አልጋ ተዘርግቶ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከነርሷ የምትሰሚው ይበልጣል።

እዚያ መዝፈንሽ ካልቀረም፣ እነዚህ ልጆች በሽታ የመከላከል አቅማቸው የወረደ መሆኑን አትርሺ። ጉንፋን ይዞሽ ከገባሽ ለአንቺ ሦስት ቀን የሚያስነጥስ ነገር እነሱን ከባድ አደጋ ላይ ይጥላል። ሃያ መዘምራን ሰልፍ አስይዘሽ አትገቢም። አንድ ሰው፣ የታጠበ እጅ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ አልጋው አጠገብ ሩብ ሰዓት። መድረክ ላይ አዳራሽ ለመሙላት የተማርሽውን ሁሉ እዚያ ታጥፊዋለሽ። ደግሞ ሳታቋርጪ በየሳምንቱ ሂጂ። በዓል በመጣ ቁጥር ካሜራ አስከትሎ የሚመጣ ጎብኚ ሆስፒታሉ አላጣም።

ስለ ገንዘብ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አገር በቀል ድርጅት ለመመሥረት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያንቺን ካሚል ዛሞራ ፈልጊ። ሌላ ሶፕራኖ ባትሆን እመርጣለሁ፤ ሂሳብ የተማረች ብትሆን ይሻላል። አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትን ይፈቅዳል፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በደንብ ያልተያዘ ደረሰኝ በኦዲት ጊዜ ያሳፍራል፤ ከዚያም በላይ ያስከፍላል። ምዝገባው ግን የዛሬ ጉዳይሽ አይደለም፤ አንድ ዓመት በፈቃደኝነት ሠርተሽ እየው።

ኦፔራ ቤት የለም ያልሽው እውነት ነው፤ ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ መማር የሚፈልግ፣ የሚከፍልም ቤተሰብ አለ። መዘምራኑን የሚያሠለጥንለት የሚፈልግ አጥቢያ አለ። የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ተቋማት የኮንሰርት መድረክ አላቸው። ከሚችለው ወላጅ ሙሉ ዋጋ ተቀብለሽ በዚያው ገንዘብ የማይችለውን ልጅ ማስተማር ትችያለሽ። ይህ ከማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የማንንም ፈንድ አይጠብቅም። አራት ከፋይ ተማሪ አንድ የማይከፍል ተማሪ ይችል እንደሆነ በወረቀት ላይ አስሊው። የፒያኒስትሽን የታክሲ ወጪ ሂሳቡ ውስጥ ማስገባት አትርሺ። ብዙ በጎ አሳቢ የሚወድቀው በዚህች በታክሲዋ ላይ ነው። ይህን ለመጀመር ደግሞ ዲግሪ ያላት አስተማሪ መሆንሽ ይጠቅማል፤ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

አጎትሽን አመስግኚልኝ። ፒያኖውን ግን እንዳይልከው ንገሪው። የመርከቡ ወጪና የጉምሩኩ ጣጣ ከፒያኖው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ እዚህ ቢደርስም በደረቁ ወራት እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቃኚም እንደ ልብ አይገኝም። የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ደግሞ የት ልታቆሚው ነው? ባለ ሙሉ ቁልፍ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይሻላል፤ በሽንት ቤት በር ሳይቀር ያልፋል፣ ገጹ በመድኃኒት ይወለወላል፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ አንድ ልጅ ብቻውን ሊጫወትበት ይችላል። የሚሰጥሽን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትቀበዪው፤ በየሦስት ወሩ ይሁን፣ ሂሳብ ካሳየሽው በኋላ። ዘመድ ነው፣ አይጠይቅም ትይ ይሆናል። ባይጠይቅም አሳዪው።