የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተሩ አማርኛ ይሁን፣ ሰዓቱ ግን አይነካ

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ደንበኞቼ በብዛት የሚያስጽፉት የቤት ኪራይ ውልና ማመልከቻ ስለሆነ፣ ላፕቶፔ ሁሉ ነገሩ በአማርኛ እንዲሆንልኝ የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። እርሱም ቋንቋውን ከቀየረልኝ በኋላ ዓመቱን 2018 አድርጎ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኢሜይሌም ሆነ ሌላው ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፈትልኝም፤ በኤክሴል የምይዘው የኪራይ መዝገብም ቀኑን ያዘበራርቅብኛል። አማርኛውን ብተወው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ አማርኛውን ፈጽሞ አይተዉት፤ ገጾቹን የዘጋብዎ እርሱ አይደለም። የእህትዎ ልጅ በቅንነት በአንድ ጊዜ የቀየራቸው ነገሮች ኮምፒውተሩ ለየብቻ የሚያያቸው ናቸው፦ ምናሌው የሚታይበት ቋንቋ አንድ ነው፤ የሚተይቡበት ኪቦርድ ሌላ ነው፤ ቀን፣ ቁጥርና ገንዘብ የሚጻፉበት የአገር ልማድ ሌላ ነው፤ የማሽኑ ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እንደ ፍላጎትዎ ሊቀያይሯቸው ይችላሉ። ሰዓቱ ግን ትክክለኛውን ጊዜ መያዝ አለበት።

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ የገጹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ያያል፤ በዚያም ላይ አገልግሎቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የሚሰጡት ምስክር ወረቀቶች የአገልግሎት ዘመናቸው ከ398 ቀናት አይበልጥም። ማሽኑ በውስጡ የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ 2018 ሲባል ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለውና የዛሬውን ወረቀት ገና ሥራ ያልጀመረ አድርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» የሚለውን፣ ከዚያም «ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ከፍተው የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ያድርጉት፤ አዲስ አበባ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ በስሟ ባትገኝም ናይሮቢ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው። ቀጥሎም ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ማብሪያ ያብሩትና «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ገጾቹ ያን ጊዜ ይከፈታሉ።

በነካ እጄ፣ ዴስክቶፕ ያላችሁ አንባቢያን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ የሚመለስባችሁ ከሆነ ማንም ሴቲንጉን አልነካባችሁም። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የምትቀመጠው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ፣ በጀርባዋ ብዙ ጊዜ «ሲአር 2032» ተብሎ የተጻፈባት፣ አልቃለች ማለት ነው፤ መለወጥ ብቻ ይበቃል።

የእኛን ሰዓት ማየት መፈለግዎ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ማሽኑን ሳያበላሹ የሚጠቀሙበት መንገድ አለ። እዚያው የቀንና የሰዓት ገጽ ላይ «አዲሽናል ክሎክስ» በሚለው በኩል ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶችን መጨመር ይቻላል። አንዱን ከግሪኒች በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ክልል፣ ለምሳሌ በቦነስ አይረስ ያድርጉትና ስሙን «የኢትዮጵያ ሰዓት» ብለው ይጻፉ። እኛ ከግሪኒች በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ በናይሮቢው ሰዓት ጥዋት 7፡00 ሲል እርሱ 1፡00 ይላል። ሰዓቱ በ12 የሚቆጠር ይሁን እንጂ በ24 አይሁን። ከጎኑ የሚወጣውን የጥዋትና የከሰዓት ምልክት ግን እንደ ቀንና ሌሊት ያንብቡት፤ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን «ከሰዓት» ብሎ ያሳያልና። ይህች ተጨማሪ ሰዓት የምታገለግለው ለማየት ብቻ ነው፤ የፋይሎችዎና የኢሜይልዎ ሰዓት አይነካም።

አሁን ወደ ኤክሴሉ እንምጣ፤ በእኔ ግምት ከገጾቹ መዘጋት ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ይህ ነው፤ የሰው ገንዘብ አለበትና። በ«ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ገጽ ላይ የአገር ልማዱን «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ሲያደርጉት የሚያገኙት ቀንን ከወር የሚያስቀድም አጻጻፍና ብርን ነው። የወሮቹ ስም በአማርኛ ፊደል «ሴፕቴምበር»፣ «ኦክቶበር» እየተባለ ይመጣል እንጂ መስከረምና ጥቅምት አይሆንም፤ ፊደሉ የእኛ ቢሆንም አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። የአሜሪካ ልማድ ተመርጦ ከቆየ ደግሞ 05/06 የሚለውን ሜይ 6 አድርጎ ያነበዋል።

እርስዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ለማለት 30/02/2018 ብለው ሲጽፉ፣ ፌብሩወሪ 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል እንደ ቀን አይቀበለውም፤ ጽሑፍ አድርጎ በሳጥኑ ግራ ጠርዝ ያስቀምጠዋል። ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ግን በቀኝ ጠርዝ ያሰልፈዋል። መዝገብዎን ከፍተው ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ቢያዩት፣ ማንም አሰላለፉን ካልቀየረው በስተቀር፣ አንዳንዱ ወደ ግራ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ያገኙታል። ወደ ግራ የተጠጋው ያልተቀበለው መሆኑ በዓይን ስለሚታይ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው በዝምታ የተቀበለው ነው። ከጥር 25 እስከ የካቲት 5 ቀን 2018 ስንት ቀን ነው ብለው 25/05/2018ን ከ05/06/2018 ቢቀንሱ፣ ኤክሴል 11 ይልዎታል፤ በእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ትክክሉ 10 ነው። ኤክሴል የቆጠረው ሜይን ነው፤ ሜይ ደግሞ 31 ቀን አለው። ተከራይ የዘገየበትን ቀን እየቆጠሩ ሒሳብ የሚያስቡ ከሆነ ይህች አንድ ቀን ጠብ ታስነሳለች። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን የሚይዘውን ዓምድ መጻፍ ሳይጀምሩ «ቴክስት» ያድርጉት፤ ከጎኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ ሌላ ዓምድ ያኑሩና የቀን ስሌቱን ሁሉ ከዚያ ላይ ይሥሩ። መስከረም 1 ቀን 2018 በዚያኛው ዓምድ 11/09/2025 ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር ተማሪ ነኝ። አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶልኝ አማርኛን ብጨምርም ምናሌው እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀረ። ለምን?

መልስ፦ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «አባውት» የሚለውን ከፍተህ የዊንዶውሱን ዓይነት ተመልከት። «ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚል ካገኘህ፣ ይህ ዓይነቱ የምናሌ ቋንቋ እንዲለወጥ አይፈቅድም። ኪቦርዱና የቀኑ አጻጻፍ ግን ያለ ችግር አማርኛ ይሆናሉ፤ የዊንዶውስንና የስፔስን ቁልፍ አብረህ እየተጫንህ ኪቦርዱን ታፈራርቃለህ።

ጥያቄ፦ በቡራዩ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈው መተዳደሪያ ደንባችን አሁን ሲከፈት በላቲን ፊደልና በምልክት የተዘበራረቀ ሆኖ ይታያል። የሲስተሙን ቋንቋ አማርኛ ባደርገው ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም፤ ነገር ግን ደንባችሁ አልጠፋም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠራባቸው ፎንቶች የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየሣሉ ያሳዩ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። «ዩኒኮድ ላልሆኑ ፕሮግራሞች» የሚለው የዊንዶውስ ማስተካከያም አይረዳችሁም፤ እርሱ የሚሠራው የራሳቸው የቆየ የኮድ ሠንጠረዥ (የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር) ላላቸው ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለውም።

ፋይሉን በዎርድ ከፍተው ጽሑፉን ሲመርጡት በፎንት ሳጥኑ ውስጥ የቀድሞው ፎንት ስም ይታያል። ያንን ፎንት ፈልገው ሲጭኑት ደንቡ ወዲያው ይነበባል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አይርኩ፤ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ እንደገና ይዘበራረቃልና፣ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ያዛውሩት። ከማዛወርዎ በፊት የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ከዚያም በእድሩ ማኅደር ካለው የወረቀት ቅጂ ጋር አንድ ሰው እያነበበ አንድ ሰው እየተከተለ ያመሳክሩት፤ በተለይ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብና የመዋጮው ቁጥሮች ያሉባቸውን አንቀጾች።