ቅጠሏን ስላራገፈች ሞታለች ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አምና ጓደኛዬ አውራ ጣቴን የሚያክል ግንድ ያላት ትንሽዬ ተክል ሰጠችኝ፣ ሱከለንት (ውሃ በአካሏ የምታጠራቅም ዓይነት) ናት፣ ስሟም ዶርስቴኒያ ፌቲዳ ነው አለችኝ። ሰመሩን ሙሉ አምራ ከርማ ከኖቬምበር ጀምሮ ቅጠሏን አንድ በአንድ አራግፋ ባዶ ዱላ ሆነች። ጠምቷት ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩላት፣ ለውጥ የለም። የገረመኝ ደግሞ አጠገቧ ያለው የአሎቬራ ፖት ውስጥ እሷን የሚመስሉ ችግኞች በቅለዋል፣ እኔ ምንም አልዘራሁም። ሞታ ነው? ችግኞቹስ ከየት መጡ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ያንን ውሃ ተይው! እኔም የመጀመሪያዋን የገደልኳት ልክ እንዳንቺ አዝኜላት ነው፣ ቅጠሏ ሲረግፍ ውሃ፣ ሲረግፍ ውሃ፣ በመጨረሻ ግንዷን ብነካው ጣቴ ሰመጠ። አሁኑኑ ሂጂና ጫን አድርገሽ እይው፣ ጠንካራ ከሆነ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም፣ ትንሽ መኮማተር ያለ ነው። እንደበሰበሰ ሙዝ ከለሰለሰ ግን ከታች ገምቷል።

ይቺ ተክል እኮ የእኛው አካባቢ ልጅ ናት፣ በምስራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ ደረቅ ቆላ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ ማዶ ደግሞ በየመንና በኦማን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትበቅለው። እዛ ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል፣ ከሄደ ደግሞ ለወራት አይመለስም። ቅጠል ማለት ውሃ የሚተንበት በር ነው፣ ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ በሩን ዘግታ ብቻ አትቀርም፣ ራሱን በሩን ነቅላ ትጥለዋለች። ግን እንዲሁ አትበትነውም፣ ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው ውስጡ ያለውን ጠቃሚ ነገር፣ በተለይ ናይትሮጂኑን፣ ወደ ግንዷ መልሳ ስለምትስብ ነው፣ ከዛ ቅጠሉ ግንዱን የያዘበት ቦታ ላይ ያሉት ሴሎች ላልተው በራሱ ይወድቃል፣ ቦታው ደግሞ ይደፈናል። ግንዷ ላይ የምታይው ክብ ክብ ጠባሳ የዛ ምልክት ነው። ውሃው ግንዷ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንቺ ጋ ድርቅ ባይኖርም ቀኑ አጠረ ቤቱም ቀዘቀዘ፣ ለእሷ ያው ነው፣ ቅጠል የሌላት ተክል ደግሞ ብዙም ውሃ አትጠጣምና የምታፈሺው ሁሉ ሥሯ ስር ተኝቶ ያበሰብሳታል።

እስኪያቆጠቁጥ ድረስ አፈሩ ደረቅ ይሁን፣ ቦታው ብርሃን ያለው ይሁን፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳትተያት። ጫፏ ላይ አረንጓዴ ብቅ ሲል ትንሽ ትንሽ ጀምሪ። አፈሩ ግማሹ ፐርላይት (ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ነጭ ቀላል ጠጠር) ቢሆን ጥሩ ነው (አዲስ አበባ ላላችሁ ሬድ አሽ ተደቅቆ ይበቃል)።

ወደ ችግኞቹ ልምጣ፣ ይሄኛውን ሳወራው አልጠግብም። ዶርስቴኒያ የዋርካና የሾላ ዘመድ ናት፣ ብትቆርጫትም እንደነሱ ነጭ ወተት ነው የሚወጣት፣ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ እጅሽን ታጠቢ። ሾላ ሰንጥቀሽ ካየሽ ውስጡን የሞሉት ጥቃቅን ነገሮች አበቦች ናቸው። አሁን ያንን ሾላ እንደ ካልሲ ገልብጪውና ውስጡን ወደ ውጪ አድርገሽ ዘርጊው፣ ያ ነው የዶርስቴኒያ አበባ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ጣት ያወጣ አረንጓዴ የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። ወንዱም ሴቱም እዛው ላይ ነው፣ ለዛ ነው አንዲት ብቻዋን ዘር የምትሰጠው። ፌቲዳ የሚለው ስም በላቲን "የምትሸተዋ" ማለት ነው፣ የመን ላይ አይቷት ይሄን ስም ያወጣላት ፎርስኮል የሚባል፣ የታዋቂው የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ የሊኔየስ ተማሪ ነው፣ ምስኪን እዛው የመን በ1763 በወባ ሞቶ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው (ሁለቱም በፈረንጅ)።

ዘሩ ሲደርስ ዙሪያው ያለው ሥጋ ግራና ቀኝ ይጨምቀዋል፣ እርጥብ የብርቱካን ዘር በሁለት ጣት ስትጫኚው እንደሚያመልጥሽ ማለት ነው፣ ጧ! ብሎ ሜትሮች ርቆ ይወረወራል። የአሎቬራሽ ፖት በመንገዱ ላይ ነበረ በቃ። ችግኞቹን አሁን አትንቀያቸው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጡ ትለያቸዋለሽ። ሰመር ላይ ዘሩን ለመሰብሰብ ከፈለግሽ ደግሞ ቁልፉ ማበጥ ሲጀምር ስስ ሻሽ ጣል አድርጊበት፣ አለዚያ ከሶፋ ስር ነው የምትለቅሚው።