የቀደምት ቴዎሶፊና የ«ማሃትማዎቹ» ደብዳቤዎች፦ ጥያቄና መልስ

ቴዎሶፊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣ፣ ስውር ጥበብን የሚሻ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ነው፤ ማሃትማ የሚባሉት ስውር መምህራኑ ጻፏቸው ስለተባሉት ደብዳቤዎች ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ለማን እንደተጻፈ፣ በማን እጅ እንዳለፈና ዋናው ወረቀት የት እንዳለ ሳታረጋግጡ ደብዳቤ አትጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ዛሬ የት ይገኛሉ?

መልስ፦ አብዛኞቹ በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ተቀባያቸው ኤ. ፒ. ሲኔት በሕንድ አላሃባድ ይታተም የነበረው የ«ፓዮኒር» ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ የደረሰው በኦክቶበር 1880 ከቴዎሶፊካል ማኅበር መሥራቾች አንዷ የሆነችው ሄሌና ብላቫትስኪ በሲምላ እንግዳው ሆና በተቀመጠችበት ጊዜ ነው። ሲኔት ሁሉንም ጠብቆ አቆያቸውና በ1921 ሲሞት ለንብረቱ አስፈጻሚ ለሞድ ሆፍማን ተላለፉ፤ እርሷም ለትሬቨር ባርከር ሰጥታው በ1923 አሳተማቸው። በ1939 ብሪቲሽ ሙዚየም ተረከባቸው። ይህን ያህል ግልጽ የርክክብ ታሪክ ያለው የዚህ ዓይነት ስብስብ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ሰዎች ዋናውን ትተው ከሦስተኛ እጅ ሲጠቅሱ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዎቹን ከጻፉት መምህራን አንዱ ነው የሚባለው ኩት ሁሚ በእውነት የነበረ ሰው ነው?

መልስ፦ እኔ የምመልሰው ስለ ሰነዶቹ ነው።

ጥያቄ፦ ብላቫትስኪ ራሷ ጽፋቸዋለች የሚባለውስ?

መልስ፦ ይህ በዝርዝር ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከተፈጥሮ በላይ የሚባሉ ክስተቶችን የሚመረምረው የለንደኑ የሳይኪካል ምርምር ማኅበር በ1884 መጨረሻ ሪቻርድ ሆጅሰንን ወደ ሕንድ ላከ፤ በዲሴምበር 1885 የወጣው ዘገባም ብላቫትስኪን አታላይ አላት፤ አብዛኞቹን የኩት ሁሚ ደብዳቤዎችም የጻፈቻቸው እርሷ ናት ብሎ ደመደመ። ብዙዎች የሚዘሉት ግን የእጅ ጽሕፈት መርማሪው ኔዘርክሊፍት መጀመሪያ የቀረቡለትን ናሙናዎች የእርሷ አይደሉም ብሎ እንደነበረና ሆጅሰን ተጨማሪ ናሙና ካቀረበለት በኋላ አቋሙን እንደለወጠ ነው። በ1986 የሰነድ ማጭበርበር ባለሙያው ቨርነን ሃሪሰን በዚያው ማኅበር መጽሔት ላይ የሆጅሰንን ዘገባ ወገንተኛ ሲል ነቀፈ። በኋላም 1,323 ባለቀለም ስላይዶችን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ብላቫትስኪ ለማታለል ስትል የተለመደ ጽሕፈቷን ቀይራ እንደጻፈቻቸው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ራሷን በማታውቅበት ሁኔታ በእጇ ሊወጡ ይችሉ እንደሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው ብሎ ትቶታል። ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹን በቅርብ ስታዩ ሰማያዊው ፊደል የተሠራው በቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ነው። አማኞች ይህን ተአምር ይሉታል፤ እኔ ግን ወረቀት ሸካራና ባለመስመር ነገር ላይ ተደርጎ በሰማያዊ እርሳስ ቢጻፍበትም ተመሳሳይ ምልክት ሊወጣ እንደሚችል አስባለሁ።

አንድ አባል፦ እንግዲያው ማኅበሩ በ1986 ይቅርታ ስለጠየቀ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አልተዘጋም። በማድራስ አጠገብ በአዲያር በብላቫትስኪ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባልና ሚስት ኩሎምቦች ሚስቲቱ ኤማ በ1884 በማድራስ ያሳተመችው የክስ ጽሑፍ አለ፤ ሃሪሰን ስለ ጽሕፈቱ ተናገረ እንጂ ደብዳቤ ይወርድበታል የተባለውን ሣጥን ነጻ አላወጣም።

የመጀመሪያው አባል፦ ኩሎምቦች ቂመኞች ነበሩ።

ሌላው አባል፦ ቂመኛ እውነት አይናገርም ያለ ማን ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ማኅበሩ እንደ ማኅበር የጋራ አቋም አይይዝም፤ የ1986ቱ ጽሑፍ የሃሪሰን የራሱ አስተያየት ነው። የሣጥኑ ጉዳይም ከጽሕፈቱ ተለይቶ ይመርመር።

ጥያቄ፦ የኪድል ክስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሲኔት በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኩት ሁሚ ተብሎ የወጣ አንድ ክፍል፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ኪድል በኦገስት 1880 ካደረገው ንግግር ጋር ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ተገጣጠመ፤ ኪድልም በ1883 በ«ላይት» መጽሔት አቤቱታውን አሰማ። ከኩት ሁሚ የመጣው ምላሽ፣ 48 ሰዓት በፈረስ ከተጓዘ በኋላ ደክሞና እንቅልፍ እየጣለው ደብዳቤውን ገና ልምድ ለሌለው ደቀ መዝሙር በሐሳብ እንዳጻፈውና መጥቀሱን የሚያሳየው ክፍል እንደተዘለለ የሚያስረዳ ነበር። እኔ ይህ ማብራሪያ አያሳምነኝም። ደብዳቤዎቹን የሚወዱ ሰዎች ሊሸሹት የማይገባ ጉዳይም ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ መምህራኑ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል። ከመጠየቃችሁ በፊት እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ስለ ቴዎሶፊ ጠቅላላ ማብራሪያ ቢሰጡን?

መልስ፦ የትኛውን ሰነድ፣ የትኛውን ዓመት? እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ መምህራኑ ከመጀመሪያው የሂማላያ ሰዎች ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም፤ ይህን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ከብላቫትስኪ ጋር ቴዎሶፊካል ማኅበርን የመሠረተው ሄንሪ ኦልኮት በ1875 በኒው ዮርክ፣ ይህ ማኅበር በኖቬምበር ከመመሥረቱ በፊት የተቀበላቸው ደብዳቤዎች በግብፁ «የሉክሶር ወንድማማችነት» ስም የመጡ ነበሩ። ኩት ሁሚና ሌላው መምህር ሞርያ ጎልተው የወጡት መሥራቾቹ በ1879 ወደ ሕንድ ከተሻገሩ በኋላ ነው። የ1875ቱን ወረቀትና የሲምላውን እንደ አንድ እጅ ሥራ አዋህዳችሁ አትጥቀሱ፤ ተቀባዩም፣ አገሩም፣ የርክክቡ ታሪክም ይለያያል።