«ቻርጀር ይዘህልኝ ና» ሲሏችሁ

እናቴ ቤት ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ፣ አንድ የመኪና ቻርጀር ተቀምጧል። ከቨርጂኒያ ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። 200 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። እስከ ዛሬ አንድም መኪና ቻርጅ አድርጎ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እኔ እዚህ በኤሌክትሪክ መኪና ዓመታት ስለሠራሁ በቤተሰቡ ዘንድ አዋቂ ነኝ። ደወለና «ስትመጣ ፖርታብል ቻርጀር ይዘህልኝ ና» አለኝ። ምን መኪና እንደሆነ ጠየቅኩት። ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው አለኝ። እዚህ ጎረቤቴም የሚነዳው አይዲ 4 ነው። ሌላ ምን እጠይቃለሁ? ለጎረቤቴ የሚሆነውን ገዛሁ። አዲስ አበባ ገብተን ስንሞክረው አልገባም። የያዝኩት ባለ 5 ፒን ነው፣ የመኪናው ቀዳዳ ባለ 7።

የመኪናው ስም አንድ ነው፣ አፉ፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ግን እንደተሠራበት ገበያ ይለያያል። ለአሜሪካ የተሠራው ሲሲኤስ 1፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2፣ ለቻይና የተሠራው ጂቢቲ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። ቢዋይዲ ይሁን ቮልስዋገን፣ ባጁ አያታላችሁ።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ቀዳዳ ፎቶ አስልኩ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ በቀን ብርሃን። ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ካሉ፣ አንዱ ባለ 7 ሌላው ተለቅ ያለ ባለ 9፣ ጂቢቲ ነው። ባለ 7ቱ ለቤት፣ ባለ 9ኙ ለፈጣን ጣቢያ። ታይፕ 2 የሚባለው የአውሮፓው የቤት ቻርጅ ገመድ አፍም ባለ 7 ነው፤ በፎቶ ሲታይ ከቻይናው ጋር መንታ ይመስላል። ልዩነቱ ወንዴና ሴቴው መገላበጡ ነው። አውሮፓ ያላችሁ በዚህ እንዳትሸወዱ።

አውሮፓን ካነሣን፣ ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ከእኛ ይልቅ ዕድለኞች ናችሁ። የእናንተ ፖርታብል ቻርጀር የግድግዳ ሶኬቱ ከአገር ቤቱ ጋር ይገጥማል፣ ቮልቴጁም ይቀራረባል። የሚጎድላችሁ ከታይፕ 2 ወደ ጂቢቲ የሚለውጥ ትንሽ አዳፕተር ብቻ ነው። ለቤት ቻርጅ የሚሆነው ኤሲ (የግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ) አዳፕተር ውስጡ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው።

ለፈጣን ጣቢያ የሚሆነው የዲሲ (በቀጥታ ወደ ባትሪው የሚገባ ኤሌክትሪክ) አዳፕተር ግን ሌላ ዓለም ነው። የቻይናው ፈጣን ጣቢያና የሲሲኤስ መኪና በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። አዳፕተሩ አስተርጓሚ መሆን አለበት፤ ውስጡ የራሱ ኮምፒውተር አለው፣ ሶፍትዌሩም ይታደሳል። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው። ጣቢያው ሲቀየር አልነጋገርም የሚልበት ጊዜም አለ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ባለ ሲሲኤስ 2 መኪና ጭናችሁ ካልላካችሁ በቀር ለአዲስ አበባ አያስፈልጋችሁም። ዱባይ ሆናችሁ ከቻይና በቀጥታ የገባ መኪና የምትነዱ ደግሞ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናችሁ ጂቢቲ፣ በብዛት የምታገኙት ጣቢያ ሲሲኤስ 2። እናንተ ግዙት፤ ግን መልሶ የሚቀበል ሻጭ ፈልጉ።

አንድ ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ፖርታብል ቻርጀር የምንለው ነገር በእውነቱ ቻርጀር አይደለም። ቻርጀሩ መኪናው ውስጥ ነው ያለው። በገመዱ መሃል ያለው ሳጥን በር ጠባቂ ነው፤ መስመሩ ደህና መሆኑን አይቶ ለመኪናው «ይህን ያህል አምፔር ሳብ» ይለዋል። ስለዚህ አዳፕተር ፍጥነት አይጨምርም። 220 ቮልት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎሜትር ያህል የሚያስነዳ ይሞላል። ከመገናኛ ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሰው ይህ ተርፎት ነው።

«16 አምፔር ይሻላል» ይሏችኋል። 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ነው። ያ ማለት አንድ የእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣዱ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ሳሎን ያለ ተራ ሶኬት ይህን አይችልም። ዲቫይደርማ በጭራሽ። ለስልክ የምንይዛት የጉዞ አዳፕተር ላይ የመኪና ቻርጀር ሰክቶ የተኛ ሰው አውቃለሁ፤ የቀሰቀሰው የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ነው። እኛ ቤት ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ አወጣልን። እስከዚያ ድረስ በሌላ ቻርጀር የምጣዱን መስመር በ10 አምፔር እንጠቀም ነበር፣ እንጀራ በማይጋገርበት ቀን። ሰክታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠላችሁ ንቀሉት።

ያው ኤሌክትሪሺያን የቻርጀሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ሲበራ አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ግራውንድ የለውም እኮ» አለኝ። ግራውንድ ማለት የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ነው፤ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የላቸውም። ቻርጀሩ ግራውንድ ካላገኘ አልሠራም ይላል፤ ልክ ነው። እሱን የሚያታልል ዕቃ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። መኪና ማለት በዝናብ በእርጥብ እጅ የሚነካ ብረት ነው። ብረት መሬት ውስጥ አስቀብሮ ግራውንድ ማሠራት ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ከቻይና መኪና ጋር የሚመጣው ቻርጀር ጫፉ የቻይና ሶኬት ስለሆነ ብዙዎች ይቆርጡትና ሌላ ያስገጥሙለታል። አንዳንዱ ቻርጀር ሶኬቱ ጫፍ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር አለው። ሲቆረጥ እሱም አብሮ ይቆረጣል። እኔ ብሆን የምገዛው በአንድ በኩል ጂቢቲ፣ በሌላ በኩል የአውሮፓ ሶኬት ያለው፣ አምፔሩን ከ8 እስከ 16 ዝቅ ከፍ ማድረግ የሚቻል፣ ገመዱ ከ5 ሜትር የማያንስ ነው። ከአሜሪካ የምትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ባለበት ተዉት። 240 ቮልትና 50/60 ሄርዝ ማለት አለበት።

ከቻርጀር ይልቅ ዘመድ የሚያስደስተው ሌላ ገመድ ነው። ብዙ አዳዲስ የቻይና መኪኖች ከባትሪያቸው 220 ቮልት መልሰው ይሰጣሉ። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ፣ ዋይፋዩና ቴሌቪዥኑ ከመኪናው ይሠራሉ፤ ጀነሬተር ሳይጮህ። ገመዱ እንደ መኪናው ስለሚለያይ ለዚያው ሞዴል የሚሆነውን ግዙ። ዕቃዎቹን በቀጥታ እሱ ላይ ሰኩ እንጂ ገመዱን ወደ ግድግዳ ሶኬት መልሳችሁ ቤቱን አብራለሁ እንዳትሉ። ኃይሉ ወደ መስመሩ ይመለስና ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ይገድላል።

ሻንጣን በተመለከተ፣ ተራው ገመድ በሻንጣ ይሄዳል። ሊቲየም ባትሪ ያለው የዲሲ አዳፕተር ከሆነ በእጃችሁ ያዙት።

ከአሜሪካ ባለ 5 ፒን መኪና ጭኖ ያስገባ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ንገሩኝ። ቡፌው ላይ ያለው ቻርጀር 240 ቮልት ይቀበላል፣ አዲስ ነው። ብቻ እናቴን አስፈቅዱ፤ ዳንቴል አልብሳዋለች።