«ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» ማመልከቻ አይከፍትም

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። የእንግሊዝኛ ማመልከቻዬን የምጀምረው «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» ብዬ ነው። ጓደኛዬ አንብባ «ይህ እኮ የጠብ መክፈቻ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ አጋነነች እንጂ አልተሳሳተችም። ሐረጉ ቃል በቃል ሲፈታ «ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር» ነውና «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ከሚለው የማመልከቻችን ቋንቋ ጋር አንድ ይመስላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ይህን የሚለው ሊቃወም ሲነሣ ነው። የእኛው «ድፍረት አይሁንብኝና» ማለት ነው። «ድፍረት አይሁንብኝና በሒሳብ ሠራተኛነት እንድትቀጥሩኝ አመለክታለሁ» ብለሽ አንብቢው፤ የጓደኛሽ ሳቅ ይገባሻል። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጠበቃ ለዳኛው «ዊዝ ሪስፔክት» ካለ አልተስማማም፤ «ዊዝ ግሬት ሪስፔክት» ካለ ደግሞ ጭራሽ አልተስማማም።

ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። በሕንድና በፓኪስታን ማመልከቻን «ዊዝ ዱ ሪስፔክት» ብሎ መክፈት የቆየ ልማድ ነው፤ የዚያ አገር ናሙናዎችም በኢንተርኔት ሞልተዋል።

አንቺ «አይ አም ራይቲንግ ቱ አፕላይ ፎር ዘ ፖዚሽን ኦፍ ጁኒየር አካውንታንት»፣ ማለትም «ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ለማመልከት እጽፋለሁ» ብለሽ ጀምሪ። ደረቅ መስሎ ከታየሽ፣ አክብሮቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተቀባዩ ፈረንጅ ከሆነ «ሚስተር» የሚቀድመው የቤተሰብ ስሙን ነው፤ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን የራሱን ስም እንጂ የአባቱን አይደለም። በእንግሊዞቹ ደንብ ስሙን ጠርተሽ ከጻፍሽ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው፤ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ካልሽ ደግሞ «ዩርስ ፌይዝፉሊ»።

ሐረጉን ግን አትጣይው፤ ተቀጥረሽ ስብሰባ ስትገቢ ይጠቅምሻል። «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት፣ ዘ ፊገርስ ዱ ኖት ሰፖርት ዚስ ኮንክሉዥን»፤ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አኃዞቹ ይህን መደምደሚያ አይደግፉም ማለት ነው። በፊደላችን ሁለቱም «ዱ» ይምሰሉ እንጂ የመጀመሪያው የሚጻፈው በዲ፣ ዩ፣ ኢ ነው፤ ሁለተኛው በዲ እና ኦ። ይህንን ሲያምታቱ ብዙ አይቻለሁ። ለአለቃሽ በኢሜይል ግን እኔ ብሆን አልጽፈውም፤ ፊትሽና ድምፅሽ ሳያለዝቡት ወረቀት ላይ ሲነበብ ይቆረቁራል።

እስካሁን ለላክሻቸው ማመልከቻዎች የማስተካከያ ደብዳቤ አትላኪ። አንባቢው ሐሳብሽን ሳይረዳው አይቀርም፤ ስሕተቱን ያላስተዋለውም በማስተካከያሽ ያስተውለዋል።