ዕቁቡን ለትራያትሎን ላውጣው?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባሕር ዳር የምኖር መምህር ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ማለዳ ማለዳ እሮጣለሁ፤ ሥራ የምመላለሰውም በብስክሌት ነው። ዋና በልጅነቴ ሞካክሬያለሁ፤ ግን ትንሽ እንደሄድኩ ትንፋሽ ያጥረኛል። አሁን ትራያትሎን አምሮኛል፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረግበት ውድድር ነው። ኬንያ ሄጄ አጭሩን ርቀት መወዳደር እፈልጋለሁ። በቅርቡ ዕቁብ ወጥቶልኛል። በብሩ የእሽቅድምድም ብስክሌት ልግዛ ብላት ባለቤቴ፣ «ለአንድ ቀን ውድድር ዕቁብ ይበላል? ደግሞስ አብረን አይደል የጣልነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነሣ ዝም ትላለች። እኔም ሐሳቡን መተው አቃተኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ ምኞትህ ደስ ይላል። ባለቤትህም የጠየቀችህ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አጭሩ ርቀት 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሩጫውም ብስክሌቱም አያሳስበኝም። ዋናው ግን ያሳስበኛል። 25 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ 30 ጊዜ መሻገር ማለት ነው። ከውኃው በደህና ካልወጣህ ብስክሌቱ ጋ አትደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለገንዳና ለዋና አስተማሪ ይውጣ። እሱንም ከደመወዝህ ቀስ እያልክ ክፈል። ጣና እያለልኝ ብለህ ሐይቁ ውስጥ እንዳትገባ፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ።

ብስክሌቱን አሁን አትግዛ። ለጀማሪ ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ ጤነኛ ብስክሌት ይበቃል። ሄልሜት ግን ግዴታ ነው፤ ያለሱ አያወዳድሩህም። ወደፊት ለመግዛት ብትወስን እንኳ መጀመሪያ የሠፈርህን ብስክሌት ጠጋኝ አማክር። ጎማውና ካቴናው እዚያው ባሕር ዳር ካልተገኘ በተበላሸ ቁጥር አዲስ ወጪ ነው።

ኪስ የሚያራቁተው ጉዞው ነው። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የብስክሌቱ ማሸጊያና ጭነት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ መመዝገቢያ። አብዛኛው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመኑን የሚወስነው ገበያው ነው፤ ዛሬ የደመርከው ሒሳብ ከመንፈቅ በኋላ ላይበቃህ ይችላል።

እስከዚያው እዚያው ሞክረው። ገንዳ ውስጥ 750 ሜትር ዋኝ። ወዲያው በመራዊ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ሄደህ ተመለስ፤ ማለዳ ይሁን፣ መኪና ሳይበዛ። ከብስክሌት እንደወረድክ 5 ኪሎ ሜትር ሩጥ። እግርህ እንደ ድንጋይ ይከብድሃል፤ እሱን ለምደህ አሁንም ካማረህ ኬንያን ያኔ አስብ።

የዕቁቡን ብር ያለ ባለቤትህ ፈቃድ እንዳትነካው፤ የእሷም ላብ ነው። ወጪውን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍና ፊቷ አስቀምጠው። ሰዓቱንም አብረህ ጻፍ፤ እሱም ወጪ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንተ ገንዳ ስትሄድ ልጅቷን የምትይዘው እሷ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንተ ያዛት፤ እሷም ወደፈለገችበት ትውጣ።